የሶሊድ ሜካኒክስ መጽሐፍ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

የቢም (ጭነት የሚሸከም አግዳሚ) ጥያቄ ከመነሻው አልሄድ ሲል። መንስኤው ስታቲክስ፣ ማለትም ከሶሊድ በፊት የሚሰጠው የኃይሎች ሚዛን ኮርስ ነው። ሪአክሽን (ድጋፉ የሚመልሰውን ኃይል) ማውጣት ለሚያቅተው ሰው የሚጠቅም የሶሊድ መጽሐፍ የለም።

የስትሬሱ (በስፋት ላይ የተከፈለ የውስጥ ኃይል) መጠን ትክክል ሆኖ አቅጣጫው ሲገለበጥ። ኮምቦልቻ ዶርም ውስጥ እየተደጋገመ የሚያስቸግረው ይህ ነው። መንስኤው ቲዎሪውን ከሂብለር፣ ምሳሌውን ከቢርና ጆንስተን እየወሰዱ የሁለት መማሪያ መጽሐፍ መቀላቀል ነው። ሂብለር በሞር ሰርክል (ስትሬስ በየአቅጣጫው ስንት እንደሆነ በሚያሳየው ክብ) ላይ ፖዘቲቭ ሼርን (የሚያንሸራትተውን ስትሬስ) ወደ ታች ይለካል። ቢርና ጆንስተን አክሲሱን ወደ ላይ አድርገው የኤክስን ነጥብ በኔጌቲቭ ሼር ያስቀምጣሉ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። የአንዱን ነጥብ በሌላው አክሲስ ላይ ስታስቀምጡ ግን ነገሩ ይበላሻል።

በቁጥር እንየው፦ በኤክስ 80፣ በዋይ 20፣ ሼር ፖዘቲቭ 40 ሜጋፓስካል። ማዕከሉ 50፣ ራዲየሱ 50፣ ፕሪንሲፓል ስትሬሶቹ (ትልቁና ትንሹ) 100 እና 0 ናቸው። ትልቁ የሚገኘው ከኤክስ 26.6 ዲግሪ በሰዓት ዙር ተቃራኒ ነው። የቀላቀለ ሰውም 100 እና 0 ያገኛል፤ አንግሉን ግን በሰዓት ዙር ይወስደዋል። መጠኑ ስለገጠመ ማንም አይጠራጠርም። አደገኛነቱም እዚህ ላይ ነው፤ ኮንክሪት ቢሆን ስንጥቁን የሚይዘው ብረት 53 ዲግሪ ስቶ ይቀመጣል።

መፍትሄው አንድ ዋና መጽሐፍ መያዝ ነው። የሽፋኑ ጀርባ ላይ የሼር፣ የሞመንት (የማጉበጥ ኃይል) እና የዲፍሌክሽን (የቢሙ መጉበጥ መጠን) ፖዘቲቭ አቅጣጫን ጻፉ። ሌላ መጽሐፍ ስትከፍቱ መጀመሪያ እነዚህን ሦስቱን አነጻጽሩ። በተለይ ዲፍሌክሽን ላይ ተጠንቀቁ፦ የድሮው የቲሞሼንኮ መጽሐፍ ወደ ታች ፖዘቲቭ ስለሚል እኩልታው ኔጌቲቭ ሞመንት አለው፤ ሂብለር ወደ ላይ ነው።

መልሱ 6.9 እጥፍ ሲዛባ። የአሜሪካ ዩኒት ኤዲሽን ነው። የብረት ኢላስቲክ ሞዱለስ (የግትርነት መለኪያ) 200 ጊጋፓስካል ሳይሆን 29,000 ኬኤስአይ (የአሜሪካ ዩኒት) ተብሎ ከተጻፈ መልሱትና የኤስአይ ኤዲሽን ፈልጉ።

የጥያቄው ቁጥር ገጥሞ ሶሉሽኑ ሳይገጥም። የመልስ ማኑዋሉ የሌላ ኤዲሽን ነው። ኤዲሽን ሳያዩ መገልበጥ ጥናት አይባልም!

ገና ከመጀመሪያው ፓርሻል ዲፈረንሻል ሲበዛ። የያዛችሁት ከሶሊድ በኋላ የሚመጣው የኢላስቲሲቲ መጽሐፍ ነው፤ ለኋላ አቆዩት።

የሴክሽን (የቢሙ ቁራጭ ቅርጽ) ልኬቶች ሲጠፉ። ጥፋቱ የኮፒው ነው። ወረቀት ለመቆጠብ አፔንዲክሱን የሚያስቀር ኮፒ ቤት ገንዘባችሁን አይገባውም። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ከመክፈላችሁ በፊት የቢም ዲፍሌክሽንና የሴክሽን ሠንጠረዦቹን ግለጡ። ኢነርሺያው (የሴክሽኑ መጉበጥን የመቋቋም ልኬት) ላይ ያለው የ10 ኃይል 6 መሆኑ በግልጽ ካልተነበበ አትቀበሉ።