ቃሉን ከማኅበሩ የሚነጥሉ ስህተቶች

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን 46ቱ የብሉይና 35ቱ የሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት ከሁሉ አስቀድሞ የሚነበቡት በጉባኤ መካከል ነው፤ ቅዳሴው፣ ጾሙ፣ የሰንበቴውና የጽዋ ማኅበሩ ሥርዓት ሁሉ ከእነርሱ ጋር የተሳሰረ ነው። በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ ባሉ አጥቢያዎች መጽሐፍ ሲያይ ጎንበስ ብሎ የማይሳለም ምእመን ማግኘት ያዳግታል። ስህተቱ የሚጀምረው ቃሉ ከሚሰማበት ጉባኤና ከሚፈጸምበት የጋራ ኑሮ ተለይቶ ለየግላችን ሲቀር ነው።

ንባቡ ካለፈ በኋላ መድረስ

ብዙዎቻችን ስብከቱ ሲጀመር ከተገኘን ቅዳሴው የደረሰልን ይመስለናል። ከዚያ አስቀድሞ ግን ዲያቆኑ ከቅዱስ ጳውሎስ መልእክታት፣ ንፍቅ ዲያቆኑ ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክታት፣ ንፍቅ ካህኑ ከሐዋርያት ሥራ ያነባሉ፤ ከዳዊት የተመረጠው ምስባክ ይዜማል፤ ወንጌሉም ይነበባል። ንባባቱን ለየዕለቱና ለየበዓሉ የሚወስነው መጽሐፈ ግጻዌ ስለሆነ አንዱ ሌላውን እንዲያብራራ ሆነው የተሰናዱ ናቸው። ይህ በዐቢይ ጾም ጎልቶ ይታያል። በመጻጉዕ ሰንበት 38 ዓመት በአልጋ ላይ የኖረው ሕመምተኛ (ዮሐ. 5)፣ በገብር ኄር የመክሊቱ ምሳሌ (ማቴ. 25)፣ በኒቆዲሞስ ደግሞ በሌሊት ወደ ጌታ የመጣው የአይሁድ አለቃ (ዮሐ. 3) ይነበባል። ስምንቱን ሰንበታት በተከታታይ የሰማ ሰው ጾሙን ከሥጋና ከወተት በመከልከል ብቻ አይለካውም።

ከወንጌል በኋላ «ጻኡ ንኡሰ ክርስቲያን» (ንኡሰ ክርስቲያን ውጡ) የሚል አዋጅ መኖሩም ልብ ሊባል ይገባል፤ ገና ያልተጠመቁት እንኳ እስከዚያ ድረስ ቆመው እንዲሰሙ ተፈቅዶላቸው ነበርና፣ ለመቍረብ አልተዘጋጀሁም ብሎ ከቅጥሩ ውጭ የሚቆም ምእመን ከንባቡ የሚቀርበት ምክንያት የለም። ለዚህ የሚበጀው በዋዜማው ማታ ግጻዌውን ተመልክቶ ምንባባቱን ከቤተሰብ ጋር በአማርኛ ማንበብ ነው። የግእዙ ዳዊት የሰባ ሊቃናትን (የጥንቱን የግሪክ ትርጉም) አቈጣጠር ስለሚከተል ምስባኩ በእጅ ባለው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ብዙ ጊዜ አንድ መዝሙር አልፎ ይገኛል፤ ይህን ባለማወቅ ግጻዌው ተሳስቷል የሚሉ ወጣቶች አይጠፉም።

አንዲትን ጥቅስ ገንጥሎ መያዝ

በባሕር ዳር ጎዳናዎች ከሚመላለሱት ባጃጆች በአንዱ ጀርባ «ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ» (ፊልጵ. 4፥13) የሚል ጽሑፍ ማየት አያስገርምም፤ መጻፉም አይነቀፍም። ሆኖም ሐዋርያው ይህን የጻፈው ታስሮ ሳለ ሲሆን፣ አንድ ቁጥር ከፍ ብሎ መጥገብንም መራብንም፣ መብዛትንም መጉደልንም እንደ ተማረ ይናገራል፤ አንድ ቁጥር ዝቅ ብሎ ደግሞ የፊልጵስዩስ ክርስቲያኖች በመከራው ስለ ተካፈሉ መልካም እንዳደረጉ ይመሰክራል። ስለዚህ ጥቅሱ ለብቻ የሚሮጥ ሰው የስኬት መፈክር ሆኖ ሲቀር፣ የተቸገረውን የረዳችው ማኅበር ከሥዕሉ ትወጣለች። በምረቃ ሰሞን በየባነሩ የሚሰቀለው ኤርምያስ 29፥11ም እንዲሁ ነው። ቃሉ የተላከው ወደ ባቢሎን ለተማረኩት ነው፤ ተስፋው ከ70 ዓመት በኋላ እንደሚፈጸም በቁጥር 10 ተነግሯቸዋል፤ በቁጥር 7 ደግሞ የሚኖሩባትን ከተማ ሰላም እንዲፈልጉና ስለ እርስዋ እንዲጸልዩ ታዘዋል። ተመራቂው ይህን ሁሉ ቢያውቅ ጥቅሱ ይከብድበት እንደሆነ እንጂ አይቀልበትም።

ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ኢሳይያስን እያነበበ ሳለ የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይቻለኛል ማለቱ (ሐዋ. 8፥31) በጎጃም የአብነት ትምህርት ቤቶች እስከ ዛሬ እንደ ሥርዓት የሚኖር ነው፤ የመጻሕፍት ትርጓሜ በሚሰጥበት በመጻሕፍት ቤት ደቀ መዝሙሩ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ተናጋሪው ማን እንደሆነ፣ ለማንና ስለ ምን እንደ ተናገረ ሳይጠይቅ አያልፍም። ምእመኑም ቢያንስ የምዕራፉን መነሻና መድረሻ ሳያይ ጥቅስ አይያዝ። ጠላትን ለመጉዳት መዝሙር 108ን (በግእዙ አቈጣጠር) የሚደግሙ፣ መጽሐፍ አስገልጠው ዕጣ ፈንታቸውን የሚያስነግሩም አሉ፤ የፊተኞቹን ማቴዎስ 5፥44 ስለሚመልሳቸው፣ የኋለኞቹም ወደ ጠንቋይ ከሚሄደው ስለማይለዩ እዚህ ላይ ብዙ መናገር አያስፈልግም።

ብራናውንና ሥዕሉን ለጎብኚ መተው

በጣና ደሴት ላይ ያለው የክብራን ገብርኤል ገዳም በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ የተዘጋጀ፣ በሥዕል ያጌጠ የብራና ወንጌል አለው፤ በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት የሚገኘው የዑራ ኪዳነ ምሕረት መቅደስ ግድግዳም በሥዕል የተሸፈነ ነው። ከወንጌሉ ታሪክ ጎን ለጎን የሰማዕታትና የቅዱሳን ገድል ተሥሏል። ሥዕሎቹ ፊደል ላልቆጠረው ሕዝብ ትምህርት እንዲሆኑ ጭምር የተሠሩ ሆነው ሳለ፣ ዛሬ አስጎብኚው ለውጭ አገር ሰው አንድ በአንድ ሲተርክ ከባሕር ዳር በጀልባ የመጣው ማኅበርተኛ ተሳልሞ፣ ጸበል ጠጥቶ፣ የዘጌን ቡና ሸምቶ ይመለሳል። ለየካቲት 16 በዓል የሚሄዱ ማኅበራት መምህር ይዘው በሥዕሎቹ ፊት ቢቆሙ ሁለት ነገር ያተርፋሉ፤ የትኛው ታሪክ ከወንጌል፣ የትኛው ከተአምረ ማርያም እንደ መጣ ይለያሉ፤ ደግሞም በእመቤታችን ስም ለተጠማ ሰው ጥርኝ ውኃ ያጠጣውን የበላዔ ሰብእን ታሪክ ስለ ቀዝቃዛ ውኃ ጽዋ ከተነገረው የጌታ ቃል (ማቴ. 10፥42) ጋር ያገናኙታል።

ማኅበሩን ድግስ ማድረግ

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው ይህኛው ነው፤ ቃሉ እስከ ማጀታችን ድረስ ገብቶ የሚዳኘን እዚህ ላይ ነውና። የጽዋ ማኅበር ሥርዓት በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2 ከተጻፈው የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ኑሮ ጋር ይገጥማል፤ እነርሱ በትምህርት ይተጉ፣ እንጀራ ይቈርሱ፣ ያላቸውንም ለሚያስፈልገው ያካፍሉ ነበር። የእኛም አባላት በጻድቁ ወይም በመልአኩ ወርኃዊ በዓል በየተራ ጽዋውን እየተረከቡ ዳቦና ጠላ ያዘጋጃሉ፤ ካህኑ ጸሎት ያደርሳል፤ ሙሴ የሚባለው የማኅበሩ መሪ ሥርዓት ያስጠብቃል። ይሁን እንጂ ባለተራው ካለፈው ወር ባለተራ ላለማነስ በግ ማረድ፣ ወጡን በዓይነት መደርደር፣ ቢራና ለስላሳ በሣጥን ማስገባት ሲጀምር ማኅበሩ ሳይታወቀው መልኩ ይለወጣል። ደመወዝተኛው ተራው ሲደርስ ይበደራል። በጡረታ የሚኖሩት እናት ደግሞ አቅም አነሰኝ ማለትን ስለሚያፍሩ ጤና አጣሁ ብለው ቀስ በቀስ ይቀራሉ፤ ማኅበሩም ታመሙ ብሎ ይጸልይላቸዋል።

የቆሮንቶስ ክርስቲያኖችም በጌታ እራት ስም ተሰብስበው እያንዳንዱ የራሱን ቀድሞ ይበላ ስለነበር አንዱ ሲራብ ሌላው ይሰክር ነበር። ቅዱስ ጳውሎስ «የእግዚአብሔርን ማኅበር ትንቃላችሁን አንዳችም የሌላቸውንም ታሳፍራላችሁን?» ሲል የጠየቃቸው በዚህ ምክንያት ነው (1ኛ ቆሮ. 11፥22)። የሌለውን ማሳፈርና የእግዚአብሔርን ማኅበር መናቅ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ጎን ለጎን መቀመጣቸውን ያስተዋለ ሙሴ የድግሱን ልክ በመተዳደሪያ ደንብ ያስወስናል፤ ዳቦ፣ ጠላና ቆሎ ከተባለ ማሳነስ እንጂ ማብለጥ አይፈቀድም። ይህ ያንስብኛል የሚል ባለጸጋ ካለ ትርፉን ለችግረኛ በሚውለው ሣጥን ያስገባ፤ ሐዋርያው ለኢየሩሳሌም ክርስቲያኖች የሚሆነውን መዋጮ እያንዳንዱ እንደ ገቢው በየሳምንቱ እንዲያስቀምጥ ነው ያዘዘው (1ኛ ቆሮ. 16፥2)። በእንተ ስማ ለማርያም እያለ በደጅ ለሚቆመው የቆሎ ተማሪም ድርሻው አስቀድሞ ይነሣለት እንጂ ትራፊ አይጠብቅ፤ ነገ ያንኑ ወንጌል የሚያነብልን እርሱ ነው። በአቀማመጥም ቢሆን ነጋዴውን ሶፋ ላይ፣ እንጨት ሻጯን በር ሥር ማስቀመጥ በያዕቆብ 2፥1-4 ተለይቶ የተወቀሰ ነው።

የእርቁን ቅደም ተከተል መገልበጥ

ጌታ በማቴዎስ 18፥15-17 ያዘዘው የበደለህን ወንድምህን መጀመሪያ ብቻውን አነጋግረው፣ ባይሰማህ አንድ ወይም ሁለት ሰው ውሰድ፣ እምቢ ቢል ለቤተ ክርስቲያን ንገር የሚል ነው። በእኛ ዘንድ ነገሩ መጀመሪያ በቡና ላይ ይወራል፤ ከዚያ በማኅበሩ የቴሌግራም ገጽ ይለጠፋል፤ ሰበካ ጉባኤው ይሰማል፤ ባለጉዳዩ የሚያውቀው በመጨረሻ ነው። የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ሒሳብ አጎደሉ የሚል ጥርጣሬ ቢነሣ እንኳ ደረሰኙን ይዞ ለብቻቸው ሄዶ መጠየቅ ይቀድማል፤ ሁለተኛውን ደረጃ የሽምግልና ባህላችን ቀድሞውንም ያውቀዋል። ሆኖም ይህ ሥርዓት በደልን ለመሸፋፈን አልተሰጠም፤ በሴት ወይም በሕፃን ላይ የደረሰ ጥቃት ሽማግሌ ልኮ በይቅርታ የሚዘጋ ሳይሆን ወደ ሕግ የሚሄድ ጉዳይ ነው።

በብዙ ማኅበራት የተጣሉ አባላት ሳይታረቁ ጽዋውን እንዳይቀምሱ የሚከለክል ልማድ አለ፤ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ ከሚለው ቃል (ማቴ. 5፥23-24) ጋር የሚስማማ ነው። ልማዱ የላላው ሙሴዎች ሰው ፊት መጠየቅን ስለሚፈሩ ይመስለኛል። ጸሎቱ ሊጀመር ሲል የተቀያየመ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ሰው ግን ከተቀመጠ በኋላ በእንግዳ ፊት መካሰስን ስለሚሸሽ፣ ጠብ መኖሩን የሰማ ሙሴ ከበዓሉ ቀን አስቀድሞ ሁለቱን ለየብቻ ማነጋገሩ፣ ካስፈለገም የንስሐ አባታቸውን ይዞ ቤታቸው መሄዱ ይመረጣል።