የዘመድ ወዳጅ ልደት በሁሉም ስልክዎ ላይ እንዲታይ፣ ቀኑም እንዳይዛነፍ

ልደት ስልክ ውስጥ የሚጻፍበት ቦታ ሁለት ነው፦ ካላንደሩ ላይ፣ ወይም የሰውየው ቁጥር በተመዘገበበት ኮንታክት ውስጥ። ኮንታክቱ ይሻላል። እዚያ የገባ ቀን በየዓመቱ ራሱ ይደገማል፣ ካላንደሩም ከዚያ አንብቦ ያወጣዋል። ስልኩ ቢሰረቅ ወይም ጣና ውስጥ ቢገባ እንኳ በአዲሱ ስልክ አካውንቱን (ለምሳሌ ጂሜይልዎን) ሲከፍቱ ተመልሶ ይመጣል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ኮንታክቱ አካውንት ላይ ከተቀመጠ ነው። ሲም ካርድ ስምና ቁጥር እንጂ ልደት የሚይዝበት ቦታ የለውም። «ሲንክ (ስልኩን ከአካውንቱ ጋር ማመሳሰል) አልሠራልኝም» ሲባል መጀመሪያ መታየት ያለበት ሲንኩ ሳይሆን ስሙ የተቀመጠበት ቦታ ነው።

አንድሮይድ ላይ የጉግልን «ኮንታክትስ» ይክፈቱ። «ኦርጋናይዝ» የሚለው ውስጥ (በቆዩት ላይ «ፊክስ ኤንድ ማኔጅ» ይላል) «ኢምፖርት ፍሮም ሲም» አለ። ሲጫኑት የትኛው አካውንት ላይ እንደሚያስቀምጥ ይጠይቃል፤ ጂሜይልዎን ይምረጡ። ሳምሰንግ ከሆነ በራሱ የኮንታክት መተግበሪያ «ማኔጅ ኮንታክትስ»፣ ከዚያ «ሙቭ ኮንታክትስ» ብለው ከስልኩ ወደ ጉግል ያዛውሩ። ቀጥሎ ሴቲንግሱ ውስጥ ገብተው አዲስ ስም የሚቀመጥበትን አካውንት ወደ ጂሜይልዎ ይቀይሩ። ይህን ካላደረጉ ነገ የሚመዘግቡት ስም ተመልሶ ሲሙ ወይም ስልኩ ላይ ያርፋል፣ ሥራውም እንደ አዲስ ይጀመራል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ጂሜይሉን ስልኩን የሸጠልዎ ልጅ ከፍቶልዎት ከሆነና የይለፍ ቃሉን የማያውቁት ከሆነ፣ ምንም ከመጻፍዎ በፊት እሱን ያስተካክሉ። የይለፍ ቃሉን ይቀይሩ፣ መልሶ ማግኛ ስልክ ቁጥርም የራስዎን ያስገቡ። በማይከፈት አካውንት ላይ የተቀመጠ ሁለት መቶ ስም ስልኩ የጠፋ ቀን አብሮ ይጠፋል።

አሁን ልደቱን ማስገባት ነው። ስሙን ይክፈቱ፣ የእርሳስ ምልክቷን ይጫኑ፣ ወደ ታች ወርደው «በርዝዴይ» የሚለውን ይሙሉ። አንዳንድ ስልክ ላይ ተጨማሪ መስኮችን የሚከፍተውን ቁልፍ ካልነኩ አይታይም። ዓመቱን ባዶ መተው ይቻላል፣ ካልተረጋገጠም መተዉ ይሻላል። ከዚያ የጉግል ካላንደርን ከፍተው በሦስቱ መስመሮች ውስጥ «በርዝዴይስ» ላይ ምልክት መኖሩን ይዩ። ልደቱ ወዲያው ብቅ ላይል ስለሚችል ትንሽ ይጠብቁ እንጂ ድጋሚ አይጻፉ፤ ድጋሚ መጻፍ በኋላ ሁለት ማስታወሻ ያመጣል።

ትልቁ ጉዳይ ቀኑ ነው። ስልኩ የሚያነበው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ የእኛን ቀን መለወጥ ግድ ነው። የወሮቹ መጀመሪያ በተራ ዓመት እንዲህ ይውላል፦ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11፣ ጥቅምት 1 ኦክቶበር 11፣ ኅዳር 1 ኖቬምበር 10፣ ታኅሣሥ 1 ዲሴምበር 10፣ ጥር 1 ጃንዋሪ 9፣ የካቲት 1 ፌብሩዋሪ 8፣ መጋቢት 1 ማርች 10፣ ሚያዝያ 1 ኤፕሪል 9፣ ግንቦት 1 ሜይ 9፣ ሰኔ 1 ጁን 8፣ ሐምሌ 1 ጁላይ 8፣ ነሐሴ 1 ኦገስት 7፣ ጳጉሜን 1 ሴፕቴምበር 6። ዘጌ ላይ «የካቲት ኪዳነ ምሕረት ዕለት ተወለደች» የተባለች ልጅ ልደቷ የካቲት 16 ነው፤ ፌብሩዋሪ 8 ላይ 15 ቀን ሲጨመር ፌብሩዋሪ 23 ይሆናል። የሐምሌ ገብርኤል ጁላይ 26፣ የኅዳር ሚካኤል ኖቬምበር 21 ነው። «በሚካኤል ነው የተወለደው» ብቻ ከተባለ ወሩን ይጠይቁ፤ ሚካኤል በየወሩ አለ። «በፋሲካ» ከተባለ ደግሞ ዓመቱ ካልታወቀ ቀኑ አይገኝም።

ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት በኋላ ግን ይህ ስሌት በአንድ ቀን ይገፋል። መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፣ ከዚያም እስከ የካቲት 21 ድረስ ያለው ቀን ሁሉ አንድ ቀን ወደፊት ይሄዳል። 2016 ዓ.ም. እንዲህ ነበር፣ ቀጣዩ 2020 ዓ.ም. ነው። ከየካቲት 22 እስከ ጳጉሜን 5 የተወለደ ሰው ይህ አይነካውም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀን መለወጫ መተግበሪያ ላይ የትውልድ ዓመቱን ጭምር አስገብቶ የወጣለትን ሲመዘግብ ነው። ጥር 11 ቀን 1988 ዓ.ም. የተወለደ ሰው መለወጫው ጃንዋሪ 20፣ 1996 ይለዋል፤ ልክ ነው። ስልኩ ግን በየዓመቱ ጃንዋሪ 20 ላይ ያስታውሳል፣ ከአራት ዓመት በሦስቱ ያ ቀን ጥር 12 ነው። ጥምቀቱ አልፎ፣ ልደቱም አልፎ ማለት ነው። ስለዚህ ለማስታወሻ የሚሆነው የተራውን ዓመት ቀን መጻፍ ነው፤ እዚህ ላይ ጃንዋሪ 19። በ2020 ዓ.ም. አንድ ቀን ቀድሞ ከተራ ላይ ይነግርዎታል፣ መቅደም ደግሞ ከመዘግየት ይሻላል። ጳጉሜን 6 ለተወለደ ሴፕቴምበር 10 ያስገቡ፤ ሴፕቴምበር 11 ቢያደርጉት በሌሎቹ ዓመታት እንቁጣጣሽ ላይ ይወድቃል። ልደቱን በፓስፖርቱ ቀን የሚያከብር ሰው ከሆነ ግን ፓስፖርቱ ላይ ያለውን እንዳለ ይጻፉ።

ዓመት የሚሞሉ ከሆነ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ለተወለደ 7፣ ከዚያ በኋላ ለተወለደ 8 ይጨምሩ። አይፎን ስንተኛ ልደት እንደሆነ ቆጥሮ ስለሚጽፍ፣ 1990ን ሳይለውጡ ካስገቡ ሰውየውን በሰባት ስምንት ዓመት ያስረጅልዎታል።

አይፎን ላይ ሴቲንግስ ገብተው ጂሜይልዎን በአካውንትነት ይጨምሩና «ኮንታክትስ» የሚለውን ያብሩ። የአይፎኑ ካላንደር ከኮንታክቱ አንብቦ ልደቶቹን ራሱ ያወጣል። አይፎን አዲስ ስም አይክላውድ (የአፕል የራሱ ማስቀመጫ) ላይ ሊያስቀምጥ ይችላል፤ ያ ስም አንድሮይዱ ላይ አይመጣም። በኮንታክትስ ሴቲንግስ ውስጥ «ዲፎልት አካውንት» የሚለውን ወደ ጂሜይል ይቀይሩ። አስቀድሞ አይክላውድ ላይ የገባውን ደግሞ በቪካርድ (ስምና ቁጥር በሚይዝ) ፋይል አውጥተው በኮምፒውተር ወደ ጉግል ኮንታክትስ ያስገቡት፤ ልደቱም አብሮ ይሄዳል።

አንድ ልደት ሁለት ጊዜ ከታየ ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ስሙ ሁለት ቦታ ተመዝግቧል፤ ኮንታክትስ ውስጥ ያለው ማዋሃጃ ይፈታዋል። ወይም ሁለት የልደት ካላንደር በርቷል፤ ሳምሰንግ ካላንደር የራሱ የኮንታክት ልደቶች ዝርዝር ስላለው ከሁለቱ አንዱን ያጥፉ።

ሰዓቱን ሲሞሉ 9:00 ኤኤም ማለት ጠዋት 3 ሰዓት መሆኑን አይርሱ። አንዱን ማስታወሻ በዕለቱ፣ ሌላውን አንድ ቀን ቀድሞ ያድርጉት፤ ኬክ ማዘዝ ካለ በዕለቱ ጠዋት መስማት አይጠቅምም። ልደት የሙሉ ቀን ማስታወሻ ስለሆነ ቀኑ በሰዓት ቀጠና ልዩነት አይዛባም። ዋሽንግተን ላለ ዘመድ ግን ባሕር ዳር 3 ሰዓት ጠዋት ሲሆን እዚያ ገና ሌሊት ነው፤ በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ይደውሉ።

ዳታ ስለ መቋረጡ አይጨነቁ። አንዴ ስልኩ ላይ የወረደ ልደት ደቅ ደሴት ላይ ኔትወርክ ባይኖርም ያስታውሳል፤ የሚዘገየው አዲስ የጻፉት ወደ ሌላው ስልክ መድረሱ ብቻ ነው። ዳታ ኖሮም ካልመጣ «ባተሪ ሴቨር» እና «ዳታ ሴቨር» በርተው እንደሆነ ይዩ፣ ከዚያ በአካውንቱ ውስጥ የኮንታክትና የካላንደር ሲንክ መብራቱን ያረጋግጡ። የሚተላለፈው ጽሑፍ ስለሆነ የሚፈጀው ጥቅል ትንሽ ነው።

ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ጂሜይል ይግባ የሚል ሐሳብ ይነሣል። አይመከርም፤ አንዱ ያጠፋው ስም ከሁሉም ስልክ ይጠፋል። ከጠፋ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ በኮምፒውተር ጉግል ኮንታክትስ ገብተው «አንዱ ቼንጅስ» (Undo changes) በሚለው ወደነበረበት መመለስ ይቻላል። ለቤተሰብ የሚሻለው በኮምፒውተር ጉግል ካላንደር ላይ አዲስ ካላንደር ከፍቶ ለየሰዉ ጂሜይል ማጋራት፣ ልደቶቹንም በየዓመቱ የሚደገም የሙሉ ቀን ማስታወሻ አድርጎ መጻፍ ነው። በዚህኛው የ2020 ዓ.ም.ን ቀን ብቻ ነጥሎ ማስተካከል ይቻላል፦ ቀኑን ሲቀይሩ ለዚህ ዓመት ብቻ ወይስ ለሁሉም ብሎ ሲጠይቅ የመጀመሪያውን ይምረጡ።