ስለ ሳይንሳዊ ልብወለድ፣ ፋንታሲና ሆረር ስናወራ የምንሠራቸው ስህተቶች

አንድ ጓደኛዬ «ፒራኔዚ» እንዴት ነው ብሎ ጠየቀኝ። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ የሱዛና ክላርክ መጽሐፍ ነው። ገና ማንበቤ ስለነበር ልቤ ሞልቶ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተረኩለት። ቡናችን ሳያልቅ መጽሐፉ አለቀ። ጓደኛዬ እስከ ዛሬ አላነበበውም። ለምን ያንብበው?

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፤ ስሜታችንን ስንጠየቅ ታሪኩን መተረክ። በተለይ «ፒራኔዚ» ላይ ያሳዝናል። ባለታሪኩ ራሱ ማን እንደሆነ በቅጡ አያውቅም፣ አንባቢም አብሮት እየዳሰሰ ነው የሚሄደው። ያን መንገድ ቀማሁት ማለት ነው። ልነግረው የሚገባኝ ባለታሪኩ ስለሚኖርበት ቤት ነበር። አዳራሾቹ ማለቂያ የላቸውም፣ በሐውልት ተሞልተዋል። ታች ባሕር ይናወጣል፣ ላይ ደመና አለ። ሰውየው ያለበትን ዓመት በቁጥር አይጠራውም። አልባትሮስ የተባለው ትልቅ የባሕር ወፍ ወደ ደቡብ ምዕራብ አዳራሾች የመጣበት ዓመት ይለዋል። እዚህ ጋ አያቴ ትዝ አለችኝ። እሷም ዕድሜ ስትቆጥር «ጣሊያን የገባ ዓመት» ነበር የምትለው። ይቺን ብቻ ብነግረው መጽሐፉን ከእጄ ነጥቆ ይሄድ ነበር።

ፋንታሲ፣ ማለትም በምናብ የተፈጠረ ዓለም ታሪክ ላይ ደግሞ ቶሎ ተስፋ መቁረጥ አለ። ሃያ ገጽ አንብቦ «አልገባኝም» ብሎ ማስቀመጥ። የኤን ኬ ጀሚሲንን «ዘ ፊፍዝ ሲዝን» ለሰው ሳውስ ብዙ ጊዜ የሚገጥመኝ ይሄ ነው። መሬቱ በየጊዜው እየተሰነጠቀ፣ አመድ ሰማዩን እየሸፈነ ሕዝብ የሚያልቅበት ዓለም ነው። ደራሲዋ ቁጭ ብላ አታስረዳም። መጽሐፉ መጨረሻ ላይ የቃላት መፍቻ አለ፤ ግን ለእያንዳንዱ ቃል ወደዚያ የሚሮጥ ሰው ታሪኩ ያመልጠዋል። እንግዳ አገር እንደገባ ሰው ትንሽ ግራ ተጋቡ፣ ጆሯችሁ ይለምደዋል። የዚህ ታሪክ ሦስቱም ክፍሎች በ2016፣ 2017 እና 2018 በተከታታይ ሁጎ የተባለውን የሳይንሳዊ ልብወለድና የፋንታሲ ሽልማት ለምርጥ ልብወለድ አግኝተዋል። ከእሷ በፊት ሦስት ዓመት ተከታትሎ ይህን ያገኘ ደራሲ አልነበረም።

እዚያው መጽሐፍ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ልጇን ያጣችው እናት ታሪክ በሁለተኛ መደብ፣ አንባቢን «አንተ» ወይም «አንቺ» እያለ ነው የተጻፈው። እንግሊዝኛው ጾታ ስለማይለይ እኔን ወንዱን የሚያናግረኝ ይመስል ነበር። አንድ ምሽት አንዱን አንቀጽ ለእህቴ በአማርኛ ላነብላት ስሞክር «አንቺ» ማለት ግድ ሆነብኝ። ያኔ ከመጽሐፉ ወጥቼ ያቺን እናት ከፊቴ አገኘኋት። ሁለቱም ንባብ ጥሩ ነው፤ ግን አንድ አይደለም።

ይሄ ወደ ትርጉም ያመጣኛል። የተተረጎመ መጽሐፍ አንብበን ደራሲው የጻፈውን እንዳለ ያነበብን ይመስለናል። የሊዩ ሲሺን «ስሪ ቦዲ ፕሮብለም» በ2006 በቻይና መጽሔት ላይ በተከታታይ ወጣ፣ በ2008 መጽሐፍ ሆነ። ኬን ሊዩ የተረጎመው እንግሊዝኛ በ2014 ታትሞ በቀጣዩ ዓመት ሁጎን አሸነፈ። እንግሊዝኛው የሚከፈተው በማኦ ዘመን በነበረው የቻይና የባህል አብዮት ነው፤ አንድ የፊዚክስ መምህር በሕዝብ ፊት ሲደበደብ ሴት ልጁ ታያለች። በቻይንኛው መጽሐፍ ግን ይሄ ክፍል መሃል ላይ ነው የተቀመጠው፤ ፖለቲካው ስለሚያሰጋ ነበር። ተርጓሚው ከደራሲው ጋር ተነጋግሮ ወደ መጀመሪያው መለሰው፤ ደራሲውም መጀመሪያ ያሰበው እንደዚያ ነበር። ስለዚህ «አከፋፈቱ ደነቀኝ» የሚል የእንግሊዝኛ አንባቢና የቻይናው አንባቢ የሚያወሩት ስለተለያየ በር ነው።

ሳይንሱን እንደ ፈተና ወረቀት ማረምም አለ። ስህተት ካለ መጠቆም ጥሩ ነው፤ የመጽሐፉ ውጤት ግን እሱ ብቻ አይደለም።

ሆረር፣ ማለትም አስፈሪ ልብወለድ ላይ ሁሌ የምሰማው «አላስፈራኝም» ነው። በዚህ ወሬው ይዘጋል። የሲልቪያ ሞሬኖ ጋርሲያን «ሜክሲካን ጎቲክ» ሳነብ እኔም አልጮህኩም። በ1950ዎቹ አንዲት የከተማ ልጅ ተራራ ላይ ወዳለ የእንግሊዞች ቤት ትሄዳለች። ሰዎቹ ለብር ማዕድን ብለው ሜክሲኮ የገቡ ናቸው። የግድግዳው ወረቀት ሻግቷል። መጽሐፉን አስቀምጬ ስነሳ የመታጠቢያ ቤታችንን ግድግዳ ጥግ አየሁት፤ ያች የድሮ እርጥበት እዚያው ነበረች። ለረጅም ጊዜ አፍጥጬ ቆምኩ። ቆይቶ ሲገባኝ ያስፈራኝ ሻጋታው ብቻ አልነበረም። ስለ ደምና ስለ ዘር እራት ላይ ተረጋግተው የሚያወሩት ሰዎች ነበሩ። «ምን ያህል ፈራሁ» ከማለት «ምኑን ነው የፈራሁት» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

የመጨረሻው ያንገበግበኛል። አፍሪካዊ መጽሐፍ ሲመጣ «የአፍሪካ እንትን» ብሎ በሌላ ስም መጥራት። የኔዲ ኦኮራፎር «ቢንቲ» በ2015 የወጣች አጭር መጽሐፍ ናት። ቢንቲ የናሚቢያ የሂምባ ልጅ ነች። ሌላ ፕላኔት ላይ ላለ ዩኒቨርሲቲ ተቀብለዋት ከቤተሰቧ ተደብቃ ትወጣለች። ገላዋንና ፀጉሯን በቀይ አፈርና በዘይት ትቀባለች፤ የሐመር ሴቶችን ፀጉር ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ጉዞው ላይ ከኋላዋ ያለች ሴት ሹሩባዋን ሳታስፈቅድ ትነካለች። ቢንቲ ያንን አፈር በማሰሮ ይዛ ነው ጠፈር ላይ የወጣችው፤ ያላት የአገሯ መሬት እሱ ብቻ ነው። ሲያልቅስ? እሱን አልነግራችሁም።