የቲሸርት ብርድ ልብስ ሲሠራ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

የታላቁ ሩጫ፣ የምረቃና የማኅበር በዓል ቲሸርቶች ቁም ሳጥኑን ሲያጣብቡት ቆርጦ ብርድ ልብስ ማድረግ ጥሩ መላ ነው። ሥራው ሲበላሽ ግን ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፦ ቲሸርት እንደ አቡጀዲ የተሸመነ ሳይሆን እንደ ሹራብ በቀለበት በቀለበት የተያያዘ ስለሆነ ይለጠጣል። ጥፋቱ ስፌት ላይ ይታይ እንጂ የተፈጠረው ካውያው ወይም መቀሱ ጋ ነው።

ልኮቹ ለ20 ቲሸርት ናቸው፤ 4 በአግድም፣ 5 በቁመት ሲደረደሩ 140 በ175 ሳንቲሜትር ይወጣል።

ቁራጩ ተስተካክሎ ተቆርጦ ሲያነሱት ይጣመማል

ባዶውን ተቆርጧል ማለት ነው። መጀመሪያ ልብስ ሰፊዎች ኮሌታ የሚያደርቁበት፣ አንድ ፊቱ ሙጫ ያለው ስስ ማጠንከሪያ በጀርባው መለጠፍ አለበት። ቲሸርት ከቁመቱ ይልቅ በአግድሙ ይለጠጣል፤ አንዳንዱ ማጠንከሪያም በአንድ በኩል ይሳባል። በሁለት እጅ ይዘው ይሞክሩትና እምቢ የሚለውን አቅጣጫ በቲሸርቱ አግድም ያውሉት። ይህን የዘነጋ ሰው ማጠንከሪያ ለጥፎም ቁራጩ ይለጠጥበታል።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ቲሸርቱ ያለ ማለስለሻ ይታጠባል፣ ጎኑና ትከሻው ተቀዶ ፊቱ ይወጣል፣ በግምት 42 በ42 ይቆረጣል፣ 40 በ40 የሆነ ማጠንከሪያ ይለጠፍበታል፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ልክ 37 በ37 ይደረጋል። በየጎኑ 1 ሳንቲሜትር ለስፌት ሲሄድ 35 ይቀራል። ማጠንከሪያው 90 ሳንቲሜትር ስፋት ካለው 4 ሜትር ይበቃል፤ ለመጠባበቂያ 4 ሜትር ተኩል ይግዙ። ከጠንካራ ካርቶን 37 በ37 መለኪያ ቆርጠው መሃሉ ላይ መስቀለኛ መስመር ቢያሰምሩበት ጽሑፉ ወደ አንድ ጎን አይሸሽም።

ቀድመው ባዶውን ቆርጠውት ከሆነም አይጣል። መተኮሻው ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፈው 37 በ37 ያስምሩበት፣ ቁራጩን ገልብጠው ጠርዙን ከመስመሩ ጋር በስፒል ይወጥሩ፣ ማጠንከሪያውን እዚያው ይለጥፉ። ስፒሉ ብረት ራስ ይሁን፤ የፕላስቲኩ ይቀልጣል።

ማጠንከሪያው አረፋ ሠራ ወይም ተላቀቀ

ካውያው እንደ ሸሚዝ ሲተኮስ ወዲያና ወዲህ ከተጎተተ ሙጫው አይዝም፤ ጨርቁንም አብሮ ይስበዋል። በማጠንከሪያው ላይ እርጥብ ስስ ጨርቅ አድርገው ካውያውን ያስቀምጡ፣ ተጭነው ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ይቆዩ፣ አንስተው ወደ ቀጣዩ ቦታ ይሂዱ። እስኪቀዘቅዝ አይነካ። ሙጫው ትኩስ ሳለ የተነሳ ቁራጭ ዳር ዳሩን ይላቀቃል። ፖሊስተር የሆነ የስፖርት ቲሸርት ሙቀት ስለማይችል ካውያው ዝቅ ይበልና ቆይታው ይርዘም።

የተላቀቀው እንደገና ሲተኮስ ይመለሳል። አረፋው ግን ቲሸርቱ ወይም ማጠንከሪያው በሙቀት ከመሰብሰቡ የመጣ ከሆነ በካውያ አይጠፋም፤ ሞቅ አድርገው ይላጡትና አዲስ ይለጥፉ። ከቲሸርቱ የተረፈውን እጅጌ ያቆዩትና ሙቀቱን መጀመሪያ በእሱ ላይ ይሞክሩ።

ሕትመቱ ካውያው ላይ ተጣበቀ

የቲሸርት ጽሑፍ አብዛኛው ፕላስቲክነት ያለው ቀለም ነው። ካውያ በቀጥታ አይንካው። ሁልጊዜ በጀርባው ይተኮስ፤ ከሥሩ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት ይነጠፍ። ወረቀቱ ከያዘው በትኩሱ አይላጥ፣ ሲቀዘቅዝ ይለቃል። ቀድሞ የተሰነጣጠቀ ሕትመት ግን በምንም አይመለስም።

መኪናው ስፌት ይዘላል፣ መርፌው ቀዳዳ ይተዋል

ሹል መርፌ የቲሸርቱን ቀለበት ይበጥሳል፤ ቀዳዳዋም በታጠበች ቁጥር ትሰፋለች። ጫፉ ደብለል ያለ የሹራብ ጨርቅ መርፌ ይግዙ፦ ለመገጣጠም ቁጥር 80፣ መሃል የሚገባው ሙሌትና የሥሩ ገበር ሲደረብ ቁጥር 90። ክሩ ፖሊስተር ይሁን። መርፌው ተቀይሮም ከዘለለ የማጠንከሪያው ሙጫ ተጋግሮበት ይሆናል፤ በአልኮል በነካ ጥጥ ይጥረጉት።

ከሥር ክር ተጠቅልሎ ጎጆ ከሠራ ጥፋቱ የላይኛው ክር ነው። ጨርቁን የሚጫነውን የመኪናውን እግር ወደ ላይ አንስተው ክሩን እንደገና ይክተቱት፤ እግሩ ወርዶ ሳለ የገባ ክር ማጥበቂያው ውስጥ አይቀመጥም።

ስፌቱ ይሞገዳል

ጨርቁን ከኋላ እየሳቡት ነው፣ ወይም የመኪናው እግር ከልክ በላይ ይጫናል። በእግር በሚረገጡት መኪናዎች ላይ እግሩን የያዘው ዘንግ አናት ላይ ያለውን ብሎን ትንሽ ማላላት ይበቃል። የስፌቱ እርዝመት ከ2.5 ወደ 3 ሚሊሜትር ከፍ ይበል። የተሞገደው መስመር እርጥብ ጨርቅ ተደርጎበት ቢተኮስ ብዙ ጊዜ ይረግባል፤ ካልረገበ ፈትቶ መስፋት ነው።

ማዕዘኖቹ አይገጥሙም

እያንዳንዱን ቁራጭ በካርቶኑ እንደገና ይለኩ፤ የ3 ሚሊሜትር ልዩነት አምስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ሳንቲሜትር ተኩል ይሆናል። ማጠንከሪያ ያለው ቲሸርት ወፍራም ስለሆነ የስፌቱ ትርፍ ወደ አንድ ጎን ከመተኛት ግራና ቀኝ ተከፍቶ ቢተኮስ ይሻላል። ሁለት መስመሮች ሲገጠሙ ስፒሉ መጋጠሚያው ላይ ይተከል፤ ስፌቱ ከዚያ ወደ ዳር ይሂድ።

ከሥር ያለው ገበር ተጨማደደ

ከሁሉ የሚያበሳጨው ይህ ነው፤ ሥራው ሊያልቅ ሲል ገልብጠው ነው የሚያዩት። ገበሩ ሳይወጠር ተደርቧል፣ ወይም ስፒሉ ጥቂት ነው፣ ወይም ድርቡን የሚያያይዘው ስፌት ከዳር ጀምሯል።

ገበር የሚሆነው አቡጀዲ ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ ቀድሞ ታጥቦ ይተኮስ፤ 155 በ190 ይቆረጥ። ወለል ላይ ገልብጠው ያንጥፉት፣ ጠርዞቹን ትይዩ ለትይዩ እየወጠሩ በፕላስተር ከወለሉ ጋር ያጣብቁ። ከበሮ እስኪመስል አይሳብ፤ እጥፋት እስኪጠፋ ብቻ። ሙሌቱን፣ በላዩ ቲሸርቱን አንጥፈው ከመሃል ወደ ዳር በየ10 ሳንቲሜትሩ መርፌ ቁልፍ ያድርጉ። ስፌቱም ከመሃል ይጀምር።

ጠባብ አንገት (ከመርፌው በስተቀኝ ያለው ክፍተት) ባለው የቤት መኪና ይህን ክብደት ማዞር ፈተና ነው። እንዲህ ከሆነ መስፋቱን ትተው በወፍራም ክር ማሰር ይሻላል፦ በየ12 ሳንቲሜትሩ መርፌውን ከላይ አስገብተው 5 ሚሊሜትር ያህል ርቀው ያውጡ፣ ሁለት ጊዜ ጠበቅ አድርገው ይቋጥሩ፣ 2 ሳንቲሜትር ጫፍ ይተዉ። ሕትመቱ ላይ ግን አይብሱት፤ ቀዳዳው አይዘጋም።

ሲታጠብ ሙሌቱ ተጓጎለ፣ ቀለም ወጣ

ልቅ ባዘቶ ተሞልቶ አራርቆ ከተሰፋ ይጓጎላል። ከተጓጎለ አንድ ጎን ፈቶ ማውጣት እንጂ በእጅ ማሳሳት አያዛልቅም። ለአዲስ አበባ ብርድ ስስ የጥጥ ብርድ ልብስ መሃል ላይ ማድረግ ይበቃል፤ ለቆላ ከሆነ ሙሌት ጨርሶ አያስፈልግም።

ቀይና ጥቁር ቲሸርቶችን ከመቁረጥዎ በፊት በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ሸት ሸት አድርገው ይፈትኑ። ካቀለሙ እስኪያቆሙ ለብቻ ይታጠቡ። ብርድ ልብሱ ላይ ቀለሙ ከዞረ ፀሐይ ላይ አይሰጣ፣ ማድረቂያም ውስጥ አይግባ፤ እንደረጠበ ቀዝቃዛ ውሃና ሳሙና ውስጥ ይዘፍዝፉት፣ ውሃው እስኪጠራ ይቀያይሩ። በረኪና ግን አይሞከር፤ የዞረውን ሲያነጣ የቲሸርቶቹንም ቀለም ይዞ ይሄዳል።