ጎማላካው ነጣብኝ፣ አልደርቅ አለኝ፣ ሰሙም ጉንዳን ሰበሰበ

ሐምሌ ላይ ለአክስቴ የዋንዛ ጠረጴዛ ጎማላካ፣ ማለትም እንጨት የሚያበራ ቅብ፣ ቀባሁላት። ማታ የመጨረሻውን እጅ ደርቤ በሩን ለጣና ነፋስ ከፍቼ ተኛሁ፤ ቶሎ ይደርቃል ብዬ ነው። ጠዋት ስነሳ ጠረጴዛው ላይ እርጎ የተደፋ ይመስላል።

ነጭ ጉም ካያችሁ ጥፋቱ የእጃችሁ አይደለም፣ የአየሩ ነው። ጎማላካ (ሼላክ የሚሉትም አሉ) ህንድና ታይላንድ ውስጥ ትንንሽ ነፍሳት ዛፍ ላይ የሚተፉት ሙጫ ነው፤ የሚሟሟውም በአልኮል ነው። አልኮሉ ሲተን የእንጨቱን ገጽ ያቀዘቅዘዋል፣ የአየሩ እርጥበት እዚያ ላይ እንደ ጤዛ ያርፍና ቅቡ ውስጥ ታፍኖ ይቀራል። ባሕር ዳር በክረምት፣ በተለይ ሐይቁ አጠገብ፣ ይሄ የታወቀ ነው። መጀመሪያ አትንኩት። ደረቅ ቀን ጠብቁ፤ አንዳንዱ በራሱ ይለቃል። ካልለቀቀ ንጹህ የጥጥ ጨርቅ በአልኮል በጣም በትንሹ አርሱና አንድ ጊዜ ብቻ ሳብ አድርጉ። ጨርቁ ከቆመ ቅቡን ይነቅለዋል፣ ስለዚህ እንደነካችሁ እለፉ። እኔ አሁን በክረምት የምቀባው ረፋድ ላይ፣ ፀሐይ ስትወጣ ብቻ ነው።

ነጩ ነገር ክብ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። እሱ የትኩስ ጀበና ወይም የእርጥብ ብርጭቆ ምልክት ነው። ላይ ላዩን ከሆነ በዚያው ጨርቅ ይሄዳል፤ ቅቡ ከለሰለሰና ከተጨማደደ ግን ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት አንስቶ እንደገና መቀባት ነው። አረቄ ከተደፋበትማ አትድከሙ፣ አልኮል ጎማላካን ያሟሟዋል፣ ከላይ ሰም መኖሩም አያድነውም። አረቄ የሚቀርብበት ጠረጴዛ ላይ ቨርኒሽ ቀቡ፣ በቃ።

ሁለት ቀን ሙሉ ጣት የሚይዝ ከሆነስ? ብዙ ጊዜ ድብልቁ አርጅቷል። በአልኮል የተሟሟ ጎማላካ ጠርሙስ ውስጥ እያለ ቀስ በቀስ ይበላሻል፤ 6 ወር ካለፈው እኔ አላምነውም። ጠብታ መስታወት ላይ አድርጉና እደሩ። ጠዋት ጥፍራችሁ ከሰመጠ ድፉት። እንጨቱ ላይ ካለ ደግሞ ሌላ እጅ መደረብ ስህተት ነው፤ ከታች ያለው ሳይደርቅ ከላይ ይሸፈንና ይብሳል። በአልኮል አጥባችሁ ከዜሮ ጀምሩ። ሌላው ምክንያት አልኮሉ ነው። ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል የቀረው አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም፣ 95 በመቶና ከዚያ በላይ ፈልጉ። ቡና የሚፈላበት ከሰል አጠገብም አትክፈቱት፣ በቀላሉ እሳት ይይዛል።

የብሩሽ መስመር ከታየ ወፍሯል ወይም ተመልሳችሁ ነካክታችሁታል። ለ1 ሊትር አልኮል 120 ግራም ገደማ ጎማላካ ይበቃል። ቀጭን ቀጭን አድርጎ ደጋግሞ መቀባት ይሻላል። መስመሩን በ320 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብሎ ማስተካከል ይቻላል።

ከጎማላካው ላይ የሚቀባው ሰም ጋ ስንመጣ፣ እዚህ አገር ጠጅ የሚጥል ቤት ሁሉ ሰፈፍ (ያልተጣራ የንብ ሰም) አይጠፋም፣ እኔም እሱን እንዳለ አቅልጬ ቀባሁ። ጣት ይይዛል፣ አቧራ ይለጠፍበታል፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ጉንዳን በጠረጴዛው እግር ተሰልፎ ሲወጣ አገኘሁት። ማሩ አልወጣም ነበራ! ሰፈፉን በሙቅ ውሃ አቅልጡ፣ በጨርቅ አጥልሉት፣ ሲቀዘቅዝ ንጹሁ ሰም ከላይ ረግቶ ይቀራል። ሰም 62 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ ቀጥታ እሳት አያስፈልገውም፤ የፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ጣሳ አቅልጡትና ከእሳት ራቅ አድርጋችሁ አኳራጃ (የቀለም ማቅጠኛ) ጨምሩበት፣ ለ1 እጅ ሰም 3 እጅ። ሲረጋ እንደ ቅባት ይሆናል።

ጎማላካው ከተቀባ በኋላ አንድ ሳምንት ሳይሞላው ሰም አትቀቡ። ቅደም ተከተሉንም አታዛቡ፦ ሰም ያለበት እንጨት ላይ ጎማላካ በደንብ አይይዝም፣ መጀመሪያ ሰሙን በአኳራጃ መጥረግ ግድ ነው። ሰም የበዛበትና የደበዘዘም በዚያው አኳራጃ በነካ ጨርቅ ይቀንሳል፣ ከዚያ በደረቅ የጋቢ ቁራጭ እስኪያበራ ማሸት ነው።

የአክስቴ ጠረጴዛ ጥቅምት ላይ ጠራ። አሁን ማቶት ሳታደርግ ጀበና አታስቀምጥበትም።