ልጆች ባንዲራችንን ሸምድደው ሳይሆን ገብቷቸው እንዲያውቁት እንዴት እናስተምራቸው

ኬጂ ነው የማስተምረው፣ ከ4 እስከ 6 አመት ያሉ ልጆች። አንድ ጊዜ የባንዲራ ቀን ሊደርስ ሲል አንዷን ልጅ አረንጓዴው ምንድነው ብዬ ስጠይቃት ፈጠን ብላ "ልምላሜ!" አለችኝ፣ ጎበዝ፣ እሺ ልምላሜስ ምንድነው ስላት ትንሽ አሰበችና "ባንዲራ" አለች። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም፣ ቃሉን ሰጥተናት ነገሩን ያላሳየናት እኛ ነን። ከዛ ቀን ጀምሮ ነገሩን ገልብጬ ነው የማስተምረው፣ መጀመሪያ በአይናቸው ይዩት በእጃቸው ይንኩት፣ ቃሉ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ቤት ውስጥም ይሰራል ስለዚ እንዴት እንደማደርገው ልንገራችሁ።

የባንዲራ ቀን የሚውለው የጥቅምት የመጀመሪያው ሰኞ ስለሆነ መስከረም ላይ መጀመር በጣም አሪፍ ነው። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው፣ ሜዳው አረንጓዴ ነው፣ አደይ አበባ አለ፣ ቀዩን ደሞ ከጓዳ በርበሬና ቲማቲም ታገኙታላችሁ። ልጁን ይዛችሁ ውጡና ዛሬ አረንጓዴ ብቻ ነው የምንፈልገው በሉት፣ በሌላ ቀን ቢጫ፣ ከዛ ቀይ። በአንድ ቀን ሶስቱንም አታድርጉት ይሰለቻሉ፣ አስር ደቂቃ ይበቃል። እድለኛ ከሆናችሁና ዝናብና ጸሀይ ተገናኝተው የማርያም መቀነት ከወጣች ሁሉን ነገር ትታችሁ ልጆቹን ወደ ውጪ አውጧቸው፣ ትልልቆቹ ሰዎች የባንዲራችንን ቀለም ከሷ ጋር ሲያያይዙት ነው የኖሩት፣ ልጆቹ ራሳቸው ሶስቱን ቀለም ፈልገው ሲያገኙ የሚጮሁትን ብታዩ።

ቅደም ተከተሉን ብዙ ልጆች ይገለብጡታል፣ ቀዩን ከላይ ያደርጉታል። እኔ ዛፍ ነው በሏቸው እላለው፣ ከላይ ቅጠሉ አረንጓዴ፣ መሀል ላይ የበሰለው ፍሬ ቢጫ፣ ከታች ቀይ አፈር። ይሄ ማስታወሻ ብቻ ነው ትርጉሙ አይደለም፣ ግን አንዴ ከሰሙት አይረሱትም። ከፍ ላሉት ደሞ ቀይ ከላይ ቢጫ መሀል አረንጓዴ ከታች ከሆነ የቦሊቪያ ባንዲራ እንደሚሆን ንገሯቸው፣ ቦታ መቀየር ሀገር እንደሚቀይር ሲያውቁ ይጠነቀቃሉ።

አሁን ትርጉሙ። በ2001 የወጣው የሰንደቅ አላማ አዋጅ አረንጓዴው የስራ የልምላሜና የእድገት፣ ቢጫው የተስፋ የፍትህና የእኩልነት፣ ቀዩ ደሞ ለነጻነትና ለእኩልነት የተከፈለ መስዋእትነትና ጀግንነት ምልክት ነው ይላል። ይሄን ለ5 አመት ልጅ እንዳለ ብትነግሩት ምንም አይገባውም። አረንጓዴውን በዘር ነው የማሳያቸው፣ በተቆረጠ የሀይላንድ ፕላስቲክ አፈር አድርገው ስንዴ ይዘራሉ ውሀ ያጠጣሉ፣ በሳምንት ውስጥ ብቅ ሲል እናንተ ስለሰራችሁ ነው የበቀለው ስላቸው ስራና ልምላሜ የሚሉት ሁለቱ ቃላት አንድ ላይ ይገባሉ። ያ እስኪበቅል በየቀኑ ሮጠው የሚያዩት ነገር ደሞ እሱ ተስፋ ነው፣ ስለዚ ቢጫውም በዚያው ተጀመረ ማለት ነው። ለፍትህ ሙዝ ተጠቀሙ፣ አንደኛው ይቁረጥ ሌላኛው ቀድሞ ይምረጥ፣ ቆራጩ እንዴት አድርጎ እኩል ለማድረግ እንደሚጨነቅ ታያላችሁ፣ ፍትህ ማለት ይሄ ነው በሉት።

ቀዩ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ብዙ ሰው ያልፈዋል ወይ ደሞ ልጁን ያስፈራዋል። "ቀይ ደም ነው" ብለን እንገላገላለን፣ የ4 አመት ልጅ ግን ደም ሲባል የሚያስበው የተላጠ ጉልበቱን ነው፣ ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ባንዲራው ደም አለበት ብሎ አልነካም ያለበት ጊዜ ነበር። ስለዚ ከሚያውቁት ነገር እጀምራለው፣ አንተ ስትታመም ሌሊቱን ሳትተኛ ያደረችው ማን ናት? እናቱን ይላል። እሷ እንቅልፏን ለአንተ ብላ ተወችው፣ ድሮ ደሞ አያቶቻችን ለእኛ ብለው ከዛ የበለጠ ነገር ሰጥተዋል፣ 1888 ላይ አድዋ ድረስ በእግራቸው ሄደው ሀገራችን እንዳትወሰድ ተዋግተዋል እላቸዋለው። ለትንንሾቹ እዚህ ላይ ይበቃል። 6 እና 7 አመት ሲሆናቸው ብዙዎቹ ከአድዋ እንዳልተመለሱ መናገር ይቻላል፣ የዛኔ ይረዱታል ዝም ብለውም ያዳምጣሉ።

ሰማያዊው ክብ ሰላም ነው። ውስጡ ያለውን ኮከብ የማስተምርበትን ግን ከሁሉም አብልጬ እወደዋለው፣ አምስት እኩል የሆኑ የአይስክሬም እንጨቶች ስጧቸውና ኮከቡን አንዱን ባንዱ ላይ እያሳለፉ ይስሩት። ከዛ አንዱን እንጨት በአጭር ቀይሩት፣ ጫፎቹ አይገናኙም፣ ኮከብ አይሆንም። እኩል መሆን አለባቸው ማለት ነው ይላሉ ራሳቸው። ቀጥሎ አንዱን ጭራሽ አውጡት፣ ኮከቡ ተከፈተ። በኢትዮጵያ ያሉ ብሄሮች ብሄረሰቦችና ህዝቦች፣ ሃይማኖቶችም ጭምር፣ በእኩልነትና በአንድነት የመኖር ተስፋቸው ነው ምልክቱ የሚባለው በእንጨት ገባቸው በቃ፣ አንተ ከየት ነህ አንቺ ከየት ነሽ የሚል ጥያቄ ሳይነሳ።

አንድ የማይቀር ጥያቄ አለ፣ "ቲቸር እኛ ቤት ያለው ባንዲራ ኮከብ የለውም"። እባካችሁ ልጁን አታሳፍሩት፣ የወላጁንም ነገር ፊቱ ላይ አታንሱ። እውነቱን በአጭሩ ንገሩት፣ ባንዲራችን መሀሉ ላይ ያለው ምልክት በየዘመኑ ተቀያይሯል፣ በንጉሱ ጊዜ አንበሳ ነበረበት፣ ልሙጥ የሆነበትም ጊዜ አለ፣ አሁን በህግ የጸደቀው ኮከብ ያለበት ነው፣ ሶስቱ ቀለሞች ግን እናንተ ቤትም እዚህም ያው ናቸው። ልጅ በዚህ መልስ ይረካል፣ ትልልቆቹ የሚከራከሩበትን ነገር ትከሻው ላይ መጫን አያስፈልግም።

ባንዲራ ስትሰሩ ልኩን ጠብቁ፣ ርዝመቱ የወርዱ ሁለት እጥፍ ነው። ወረቀቱን 24 በ12 ሴንቲሜትር ብትቆርጡት እያንዳንዱ ቀለም 4 ሴንቲሜትር ይደርሰዋል፣ ለማስመሪያም ይመቻል። በከለር ብቻ ከማቅለም ኮላ ቀብተው እህል ቢለጥፉበት ይበልጥ ይወዱታል፣ አረንጓዴ አተር፣ ቢጫ በቆሎ፣ ቀይ ቦሎቄ። ግን አጠገባቸው ሆናችሁ፣ አተር አፍንጫ ውስጥ የሚከት ልጅ ሁሌ አይጠፋም።

ክብሩን ደሞ በቁጣ አታስተምሩት። አባቴ ልጅ ሆኖ ባንዲራ ሲወርድ መንገደኛው ሁሉ ባለበት ቀጥ ብሎ ይቆም እንደነበር ይነግረኝ ነበር፣ እኔም ለልጆቹ እሱን እነግራቸውና እስቲ እንሞክረው ብለን ግቢ ውስጥ እየሮጡ ፊሽካ ስነፋ ባሉበት ይቆማሉ። ጠዋት ሰልፍ ላይ ተንቀሳቀስክ ብሎ ከመቆጣት ይሄ በጣም ይሻላል። መሬት እንዳይነካ ለሁለት ይዘው ማጠፍም ይለማመዱ። የአትሌቶቻችንን ፎቶም አሳዩዋቸው፣ ደራርቱ ቱሉ በ1984 ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ስታሸንፍ ከደቡብ አፍሪካዋ ኤላና ሜየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞረዋል፣ ባሸነፈች ቀን ለምን ባንዲራ ያዘች ብላችሁ ጠይቋቸውና መልሱን ለነሱ ተዉት።

ውጪ ሀገር ላላችሁ፣ አሜሪካ ያለ ልጅ ትምህርት ቤት በየቀኑ የሚያየው 50 ኮከብና 13 መስመር ያለውን ባንዲራ ነው፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ኮከቦቹ 50ዎቹ ስቴቶች ናቸው የኛ ኮከብ ደሞ እንዲህ ነው በሉት፣ የቱ ይበልጣል ብላችሁ አታስመርጡት። የጋናን፣ የማሊን፣ የሴኔጋልን ባንዲራ ፈልጉና የኛ ቀለሞች የት እንዳሉ ያግኝ፣ የጋናው ላይ ኮከቡ ጥቁር መሆኑን ራሱ ነው የሚነግራችሁ።

ሁለት ሶስት ሳምንት አልፎ ገበያ ወይ ታክሲ ውስጥ ሳላችሁ ድንገት "አረንጓዴው ምንድነው?" በሉት። ዘሩን የዘራበትን ፕላስቲክ ካነሳላችሁ ልምላሜ የሚለውን ቃል የዛኔ ጨምሩለት።