ፎቶና ቪዲዮ በቤት ውስጥ ሲከማች ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ሥራዬ ከተበላሹ ዲስኮችና ሜሞሪ ካርዶች ላይ የጠፉ ፋይሎችን መልሶ ማውጣት ነው፤ ጎን ለጎንም የሰዎችን ቴሌቪዥን፣ ራውተርና የፊልም ማከማቻ አገናኛለሁ። በዚህ ሥራ የቆየ ሰው የሚታዘበው ነገር ቢኖር ዕቃው በየጊዜው ሲለዋወጥ ስህተቱ ግን ያው መሆኑን ነው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1956 ያስተዋወቀው የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ 50 ሳህኖች ተደራርበውበት 5 ሚሊዮን ያህል ፊደላትን ብቻ ይይዝ ነበር። ዛሬ ጥፍር የምታህል ካርድ የአንድን ቤተሰብ የዓመታት ፎቶ ትይዛለች፤ እሷ ስትጠፋ አብሮ የሚጠፋውም ያንኑ ያህል ነው።

ሁለት ዲስክ ስላለ ሁለት ቅጂ አለ ብሎ ማመን

ከሁሉም በላይ ትዕግሥቴን የሚፈታተነው ይህ ነው። ሁለት ዲስክ የሚይዝ የማከማቻ ሣጥን ገዝተው፣ አንዱ ዲስክ የሌላው ግልባጭ እንዲሆን አስተካክለው፣ ከዚያ በኋላ ስለ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ማሰብ ያቆሙ ሰዎች ብዛት ሁልጊዜ ያስገርመኛል። አሠራሩ ሬይድ ይባላል። ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጡት ጽሑፍ ሐሳቡን በዚህ ስም ሲያስተዋውቁ፣ ዓላማቸው በአንድ ትልቅና ውድ ዲስክ ፋንታ ብዙ ርካሽ ዲስኮችን አቀናጅቶ መጠቀምና ከመካከላቸው አንዱ ቢበላሽ ሥራው እንዳይቋረጥ ማድረግ ነበር። ስለዚህ ሬይድ ከዲስክ ብልሽት ይጠብቃል፤ ከሰው እጅ ግን አይጠብቅም። ፋይል ሲሰረዝ በዚያው ቅጽበት ከሁለቱም ይሰረዛል። ቫይረስ ፋይሎችን ሲቆልፍ ሁለቱንም ይቆልፋል። ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ሲመጣ፣ ውሃ ሲገባ ወይም ሌባ ሲገባ ደግሞ ሁለቱም ዲስኮች የሚገኙት እዚያው አንድ ሣጥን ውስጥ ነው።

አንድ ደንበኛዬ እንዲህ ያለውን ሣጥን ይዘው መጡ። የልጆቻቸው ቪዲዮ ያለበት ፎልደር የለም። ከቤተሰቡ አንዱ ለአዳዲስ ፊልሞች ቦታ ለማስለቀቅ ሲል ምንነቱን ያላወቀውን ፎልደር ሰርዞት ኖሯል፤ ነገሩ የታወቀው ግን ሳምንታት ካለፉ በኋላ ነው። ሣጥኑን ሳበራው የሁለቱም ዲስኮች አረንጓዴ መብራት በራ፤ ምርመራውም አንድ የተበላሸ ቦታ አላሳየም። ደንበኛዬ “ሁለተኛውን ዲስክ ይዩልኝ እንጂ፣ እዚያ ላይ አለ” እያሉ ለመኑኝ። ሁለተኛውን ነጥዬ ከፈትኩት፤ በመጀመሪያው ላይ የሌለ ነገር በእሱም ላይ አልነበረም። ፎልደሩ በነበረበት ቦታ ላይ አዳዲስ ፊልሞች ስለተጻፉ ያወጣሁላቸው ቁርጥራጭ ብቻ ነበር። አንደኛው ቪዲዮ ለጥቂት ሰከንዶች ይሄድና ወዲያው ምስሉ ወደ አረንጓዴና ግራጫ አራት ማዕዘኖች ይበተናል። ደንበኛዬ ያችኑ ቁራጭ ሦስት ጊዜ ደጋግመው አዩዋት።

ከስልክ ጋር ራሱን የሚያመሳስል የክላውድ አገልግሎትም ከዚህ የራቀ አይደለም። ከስልኩ የተሰረዘው ከክላውዱም ይሰረዛል፤ አብዛኞቹ አገልግሎቶች የተሰረዘውን ለተወሰኑ ቀናት ቢያቆዩትም ጊዜው ሲያልፍ ጨርሶ ይጠፋል። የትናንቱን ይዞታ መልሶ መስጠት የማይችል ነገር ባክአፕ ሊባል አይገባውም። ፎቶግራፍ አንሺው ፒተር ክሮግ ያስተዋወቀው የ3-2-1 ደንብ እስካሁን የሚበልጠው አላገኘሁም፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። እኔ የምጨምረው ከሦስቱ አንዱ ከኤሌክትሪክም ከኮምፒውተርም ተነቅሎ የሚቀመጥ እንዲሆን ነው። ቅጂውን ሲፈትሹ ደግሞ የፋይሉን ስም አይቶ መርካት አያስፈልግም፤ ከመካከሉ አንድ ቪዲዮ መርጦ፣ ከመሐሉ ጀምሮ አጫውቶ ማየት ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም።

ፍላሹ የሚናገረውን አቅም እንዳለ መቀበል

ሐሰተኛ ፍላሽና ሜሞሪ ካርድ የሚሠራበት ዘዴ ቀላል ነው። በውስጡ ያለው ቺፕ 32 ጊጋባይት ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ተቆጣጣሪ ክፍሉ ለኮምፒውተሩ 2 ቴራባይት ነኝ ብሎ እንዲመልስ ፕሮግራሙ ይቀየራል። ኮምፒውተሩ የተነገረውን ያምናል። ከ32 ጊጋባይት በላይ የተጻፈው ሁሉ ወይ በዝምታ ይጣላል፣ ወይ ተመልሶ ቀድሞ በተጻፈው ላይ ይደረባል። አደገኛ የሚያደርገው የፋይሎቹ ስምና መጠን በትክክል መታየታቸው ነው፤ ዝርዝሩ የሚጻፈው ከመጀመሪያው አካባቢ በመሆኑ አይነካም፤ ማውጫው ሙሉ ሆኖ ገጾቹ የተገነጠሉበትን መጽሐፍ ይመስላል። ባለቤቱ ይህን የሚረዳው ቪዲዮውን ሊያይ ሲከፍት ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ዋናውን ከካሜራው ላይ አጥፍቶታል።

ከእንዲህ ዓይነቱ ካርድ ላይ ያልተጻፈን ነገር እንዳወጣ የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ። ያልተጻፈ ነገር አይወጣም። መፍትሔው ማንኛውንም አዲስ ፍላሽ ወይም ካርድ ከመጠቀም በፊት እስከ ጫፉ ሞልቶ መልሶ የሚያነብ ፕሮግራም ማስኬድ ነው። ለዊንዶውስ ኤች-ቱ-ቴስት-ደብልዩ፣ ለሊኑክስና ለማክ ኤፍ-ስሪ የሚባሉት በነፃ የሚገኙ ሲሆኑ፣ ፈተናው በትልቅ ካርድ ላይ ብዙ ሰዓት ስለሚፈጅ ማታ አስጀምሮ ጠዋት ማየት ይሻላል።

በሌላ በኩል 1 ቴራባይት ዲስክ ገዝተው ዊንዶውስ 931 ጊጋባይት ሲላቸው ተታለልን ብለው የሚጣሉ አሉ። እዚህ ላይ ማንም አላታለላቸውም። አምራቹ የሚቆጥረው 1,000,000,000,000 ባይት ነው፤ ዊንዶውስ ያንኑ ቁጥር ሦስት ጊዜ ለ1,024 እያካፈለ ያሳያል። ስለ 69 ጊጋባይት የሚከራከረው ሰው፣ ዋጋው ከማይታመን በታች የሆነን ባለ 2 ቴራባይት ፍላሽ ያለ ምንም ፈተና ኪሱ ሲከት አያለሁ።

ፋይሉ ከጠፋ በኋላ ዲስኩን መጠቀም መቀጠል

ፋይል ሲሰረዝ ከሃርድ ዲስኩ ላይ ወዲያው አይፋቅም፤ የያዘው ቦታ “ነፃ ነው” ተብሎ ይመዘገባል እንጂ ይዘቱ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ይቆያል። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ዲስኩን መንቀል ነው። ብዙዎች ግን መጀመሪያ የሚያደርጉት የጠፋ ፋይል መልሶ የሚያወጣ ፕሮግራም አውርደው እዚያው ዲስክ ላይ መጫን ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ሊወጣ ይችል የነበረውን ፋይል የሚደመስሰው ይኸው ፕሮግራም ነው። የሜሞሪ ካርድም ነገር እንዲሁ ነው፤ ካርዱን አውጥቶ ማስቀመጥ፣ በእሱ ላይ አንድም ፎቶ አለማንሳት።

የሚሽከረከር ሳህን የሌለው፣ በቺፕ የሚሠራው ዲስክ፣ ኤስኤስዲ፣ ላይ ተስፋው በጣም የጠበበ ነው። ትሪም በሚባለው ትእዛዝ አማካይነት ኮምፒውተሩ የተሰረዘውን ቦታ ለዲስኩ ያሳውቃል፤ ዲስኩም በራሱ ጊዜ ቦታውን ያጸዳዋል። ሰዎች ኤስኤስዲ ከሃርድ ዲስክ ይልቅ አስተማማኝ ነው ሲሉ ስለ መውደቅና ስለ መንቀጥቀጥ ከሆነ ትክክል ናቸው፤ ስለ ተሰረዘ ፋይል ከሆነ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው።

ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ የሚያሰማ ሃርድ ዲስክ ካለ ኤሌክትሪኩ ወዲያው ይቋረጥ። የሚያነበው ጭንቅላት ከሳህኑ በላይ የሚንሳፈፈው በናኖሜትር በሚለካ ርቀት ነው፤ አንዴ ከተጋጨ እያንዳንዱ ተጨማሪ ደቂቃ ሳህኑን ይፍቃል። ፍሪጅ ውስጥ ማስገባትም ሆነ ክዳኑን ከፍቶ “ምን እንደ ሆነ ማየት” የሚባለው ነገር ይቅር። ክዳኑ ተከፍቶ፣ ሳህኑ ላይ የጣት አሻራ አርፎበት የመጣልኝ ዲስክ አለ። አምጪው ወጣት አፍሮ ነበርና አልተቆጣሁትም።

ቦታ ለመቆጠብ ብሎ ዋናውን ቪዲዮ ማጥፋት

ቪዲዮን የሚያሳንሱት ኮዴኮች በእርግጥ እየተሻሻሉ መጥተዋል። ኤች.264 እ.ኤ.አ. በ2003፣ ኤች.265 በ2013፣ ኤቪ1 በ2018 ወጥተዋል፤ አዲሱ ከቀድሞው ባነሰ መጠን ተመጣጣኝ ምስል መስጠት ይችላል። ከዚህ ተነሥተው ያላቸውን የቤት ቪዲዮ ሁሉ በአዲሱ ኮዴክ ለውጠው ዋናውን የሚያጠፉ ሰዎች አንድ ነገር ይዘነጋሉ። አዲሱ ኮዴክ የሚቀበለው ካሜራው ያየውን ሳይሆን አሮጌው ኮዴክ ያስቀረውን ነው። የተጣለው ዝርዝር አይመለስም፤ በላዩም ሁለተኛ ቅነሳ ይታከልበታል። ለፊልም ግድ የለም፣ ሌላ ቅጂ ይገኛል። የሟች እናት ድምፅና ፊት ያለበት ቪዲዮ ላይ ግን ጥቂት ጊጋባይት መቆጠብ ምን ይረባል?

ከዚሁ ጋር የሚሄደው ስህተት ጥራትን በፒክስል ብዛት ብቻ መለካት ነው። 1080 ተብሎ የተጻፈባቸው ሁለት ፋይሎች ለዐይን ፈጽሞ ሊለያዩ ይችላሉ። ብሉሬይ ዲስክ ለቪዲዮው ብቻ በሰከንድ እስከ 40 ሜጋቢት ይፈቅዳል፤ በኢንተርኔት የሚላከው ተመሳሳይ ፒክስል ያለው ፊልም ብዙውን ጊዜ ከዚያ እጅግ ባነሰ መጠን የታመቀ ነው። ልዩነቱ በጨለማ ትዕይንቶችና በጭስ ላይ በግልጽ ይታያል፤ ለስላሳ መሆን የነበረበት ጥላ በደረጃ በደረጃ ይሰነጣጠቃል። 1080ውን ወደ 4ኬ “ኮንቨርት” ማድረግ ደግሞ ፋይሉን ከማግዘፍ በቀር ብዙም የሚፈይደው የለም።

ቴሌቪዥኑ ኤምኬቪ አይከፍትም ከተባለ ግን ቪዲዮውን እንደገና ማመቅ ላያስፈልግ ይችላል። ኤምኬቪና ኤምፒ4 ምስሉንና ድምፁን አንድ ላይ የሚይዙ የፋይል መያዣዎች ናቸው፤ ቴሌቪዥኑ በውስጡ ያለውን ኮዴክ የሚያውቀው ከሆነ ምስሉን ሳይነኩ መያዣውን ብቻ መቀየር ይቻላል፤ ይህም በደቂቃዎች ያልቃል።

ትልቅ ፊልም ወደ ፍላሽ ሲቀዳ ቦታ እያለ አልቀዳ ካለ ፍላሹ በፋት32 ፎርማት የተደረገ ሊሆን ይችላል፤ ይህ አሠራር ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ይዘቱን ሌላ ቦታ ገልብጦ ፎርማቱን ኤክስፋት ወደሚባለው መቀየር ነው፤ አሮጌ ቴሌቪዥኖች ኤክስፋትን ላያነቡ እንደሚችሉ ግን ይታወቅ።

መሳቢያ ውስጥ ከቶ መርሳት

ሲዲና ዲቪዲ ላይ የተቀዳ ነገር ለብዙዎች ዘላለማዊ ይመስላቸዋል። በቤት ውስጥ የሚቀዳው ዲስክ መረጃውን የሚይዘው በቀለም ንጣፍ ላይ ነው፤ ብርሃንና ሙቀት ያንን ንጣፍ ያበላሹታል። ፋብሪካ የታተመው ዲስክ አሠራሩ የተለየ ስለሆነ የአንዱን ዕድሜ በሌላው መገመት አይቻልም። ኤስኤስዲና ፍላሽ ደግሞ መረጃውን የሚይዙት በታሰረ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው፤ በቶሺባ ይሠራ የነበረው ፉጂዮ ማሱኦካ ከፈለሰፈው ጊዜ ጀምሮ መሠረቱ አልተቀየረም። ቻርጁ ኃይል ሳያገኝ ሲቆይ ቀስ በቀስ ያመልጣል፤ ብዙ የተጻፈበትና ሙቀት ያለበት ቦታ የተቀመጠ ሲሆን ይፈጥናል። ለረጅም ጊዜ ተነቅሎ ለሚቀመጥ ቅጂ ሃርድ ዲስክ እመርጣለሁ፤ እሱም ቢሆን በዓመት አንድ ጊዜ ይሰካና ይታይ።

ፊልሙ ሲቆራረጥ ኢንተርኔቱን መውቀስ

በኢንተርኔት የሚታይ ፊልም ጥቂት ሰከንድ በሚረዝሙ ቁርጥራጮች ተከፍሎ፣ እያንዳንዱም በተለያየ ጥራት ተዘጋጅቶ የሚላክ ነው፤ ማጫወቻው የመስመሩን ፍጥነት እየለካ የሚቀጥለውን ቁራጭ ይመርጣል። ስለዚህ ምስሉ ከደበዘዘ ቴሌቪዥኑ ጋ የደረሰው ፍጥነት አንሷል ማለት ነው፤ ቤቱ በር ድረስ የመጣው ግን በቂ ሊሆን ይችላል። ኔትፍሊክስ ለ4ኬ የሚመክረው በሰከንድ 15 ሜጋቢት ነው። ሜጋቢት የሜጋባይት አንድ ስምንተኛ መሆኑንም አለመዘንጋት ነው። የኢንተርኔት ጥቅሉን ደጋግመው ያሳደጉ አንድ ደንበኛ ቤት ስሄድ ራውተሩ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ በብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት አገኘሁት። አውጥቼ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አስቀመጥኩት፤ ሥራው አለቀ። የሚቻል ከሆነ ቴሌቪዥኑን በኬብል ማገናኘት ከሁሉም ይሻላል።

ስለ ኤችዲኤምአይ ኬብል ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ለሚላከው መጠን የተመሰከረለት ይሁን እንጂ በወርቅ የተለበጠው ምስሉን አያሳምረውም። ሳውንድባሩ ድምፅ አልሰጥ ካለ ኤአርሲ የተጻፈበት ቀዳዳ ላይ መሰካቱ ይታይ።

ዲስኩን ቆልፎ ቁልፉን እዚያው ማስቀመጥ

ዲስክን በይለፍ ቃል ማመስጠር ጥሩ ልማድ ነው፤ የተሰረቀ ዲስክ ለሌባው ባዶ ዕቃ ይሆናል። ነገር ግን በአግባቡ የተመሰጠረ ዲስክ ቁልፉ ከጠፋ ለባለቤቱም ለእኔም ያው ባዶ ዕቃ ነው። የመክፈቻ ቁልፉን የያዘውን ሰነድ በተመሰጠረው ዲስክ ውስጥ ያስቀመጡ ሰዎች አጋጥመውኛል። ቁልፉ በወረቀት ይጻፍ፤ ወረቀቱ ከዲስኩ ተለይቶ ይቀመጥ፤ ከቤተሰቡም ቢያንስ አንድ ሌላ ሰው የት እንዳለ ይወቅ።